አየሬን ማን ነው የሚያይልኝ?

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ። ትናንት ማታ ነው ከኤይላት፣ ከቀይ ባሕር ዳር የገባሁት፣ የዳይቪንግ፣ ማለትም አየር ይዤ ባሕር ውስጥ የምወርድበት ልብሴ ገና በረንዳ ላይ እንደተሰጣ ነው፣ እና ስለ ባዲ ላወራችሁ ነው። ባዲ ማለት አብሯችሁ ውሃ ውስጥ የሚወርደው ሰው፣ አየራችሁ ቢያልቅ ከራሱ የአየር ታንክ የሚያካፍላችሁ ማለት ነው።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንድሜ ጋር ብቻ ነው የወረድኩት፣ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ግን መንገዱን የሚመራው እሱ፣ ስንት ባር ቀረሽ (ባር ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ግፊት መለኪያ ነው) ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ፣ ኮምፓሱን የያዘው እሱ፣ እኔ ዓሣ እያየሁ መከተል ብቻ። ይሄ የገባኝ አምና እሱ ሥራ ቀይሮ ወደ ሰሜን ሲሄድ ነው።

ከሱ በኋላ መጀመሪያ ባዲ ሆነው የደረሱኝ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። ውሃ ሳንገባ፣ ለመውረድ የታጠቅሽው ክብደት በየት በኩል ነው የሚፈታው፣ ትርፉ ሬጉሌተርሽ (በአፍ የሚያዘው መተንፈሻ) የቱ ነው፣ ታንክሽ በደንብ ተከፍቷል ወይ እያሉ አንድ በአንድ በእጃቸው እየነኩ ጠየቁኝ፣ በዛ ሙቀት በዛ ወፍራም ልብስ ትዕግስቴ አልቆ ነበር። ሁለታችንም 200 ባር ይዘን ገባን፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ እኔ 60 ቀርቶኛል እሳቸው 110! እርግጥ 10 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ ከላይ ካለው እጥፍ አየር ይወስዳል፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ፣ ግን እኩል ጥልቀት ላይ ነን እኮ። ሳያቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈዋል፣ እግራቸውን አንዴ ይመቱና ዝም ብለው ይንሸራተታሉ። እኔ በእጄ ስቀዝፍ ነው የምውለው። ወንድሜም በእጁ ነው የሚቀዝፈው፣ ለካ ከሱ ነው የወረስኩት።

ከዛ ደግሞ ገና ኮርስ የጨረሰ ልጅ። 14 ሜትር ላይ ማስኩ ውሃ ገባበት፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ወደ ላይ ሊፈተለክ ሲል ጃኬቱን ይዤ አስቀረሁት። ትንፋሽ ይዞ መውጣት ማለት ሳንባ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ሳንባን ሊቀድ ይችላል፣ ሁላችንም ተምረነዋል፣ ግን እጄ ሳላስበው ሲሠራው ያየሁት ያን ቀን ነው። በእጄ ቀስ በል ቀስ በል እያልኩት፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ ትንፋሹ ከኔ ጋር እኩል ሆነ፣ ከዛ በአፍንጫው ነፍቶ ውሃውን አስወጣ። ቀስ ብለን ወጣን። ለደህንነት 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆም ስንል ክንዴን አልለቀቀኝም፣ እኔም እንዲለቀኝ አልፈለግኩም።

አንዲት ዓሣ ላይ 20 ደቂቃ የሚቆም ፎቶ አንሺም አለ፣ ከሱ ጋር ኮራል ሳልነካ በትንፋሽ ብቻ ባለሁበት መንሳፈፍ ተማርኩ፣ እሱን ሌላ ቀን።

ትናንት ግን ወንድሜ መጥቶ ሳቲል ጋ ወረድን፣ በፈረንጆቹ 1994 ሆን ተብሎ እንዲሰምጥ የተደረገው የጦር ጀልባ ጋ ማለት ነው። እንደ ድሮው ስንት ቀረሽ ሊለኝ እጁን ሲያነሳ እኔ ቀድሜ ጠየቅኩት። 90 ነው አለኝ። እኔ 120 ነበረኝ፣ አሳየሁት። ፈገግ ብሎ መሰለኝ ማስኩ ውስጥ ትንሽ ውሃ ገባበት።