ፊልሞቻችንን በፊደላችን መመዝገብ

የተከበራችሁ የፊልም ወዳጆች፣ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በየቤታችን በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ስለተከማቹት ፊልሞች ነው፤ እንዴት ተመዝግበው እንደሚደራጁ፣ ተደራጅተውም እንዴት ያለ ችግር ለቤተሰብ እንደሚታዩ።

ከራሴ በደረሰ ነገር ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ካርቶን ሙሉ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ ነበረኝ፤ አብዛኞቹን ፒያሳ ከሚገኙ ሱቆች አንድ በአንድ የገዛኋቸው ናቸው። ሲዲዎቹ እየተጫሩ መሄዳቸውን ሳይ ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ልገለብጣቸው ወሰንሁ። የቪሲዲን ጠባይ የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ፊልሙ ያለው «ኤምፔግ ኤቪ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ የፋይሉም ስም በየትኛውም ሲዲ ላይ ያው «ኤቪ ሴክ 01» ነው። ይህን ሳላስተውል ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር አስገባኋቸው፤ ኮምፒውተሩ በዚህ ስም ፋይል አለ፣ ልተካው ወይ ብሎ በጠየቀኝ ቁጥርም እሺ እያልሁ አለፍሁ። ሲዲዎቹን ተገልብጠዋል ብዬ ለሰው ከሰጠሁ በኋላ ፎልደሩን ስከፍተው በውስጡ የተገኘው የመጨረሻው ፊልም ብቻ ነበር። ከጠፉት መካከል እስከ ዛሬ ድረስ ፈልጌ ያላገኘኋቸው አሉ።

ፊልም ከእጅ የሚወጣው ሲሰረቅ ወይም ዲስኩ ሲበላሽ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው። ስም ያልወጣለት ፊልም እቤት ውስጥ እያለም ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የፊልም መዝጋቢ ሶፍትዌሮችን ሳጠና ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የማነሣቸው ሁለቱ በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንደኛው ኮዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ኤክስቦክስ በተባለው የጨዋታ መሣሪያ ላይ የተጀመረ ሲሆን የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2014 ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ ከሚባለው ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣው ጄሊፊን ነው። ኮዲ በዋናነት የሚሠራው ከቴሌቪዥኑ ጋር በተያያዘው መሣሪያ ላይ ሲሆን፣ ጄሊፊን ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በቤቱ ዋይፋይ ለሳሎኑ ቴሌቪዥንም ለልጆቹ ስልክም ያቀርባል። መረጃ ሲያወርዱ ኢንተርኔት ያስፈልጋቸዋል፤ የተመዘገበውን ፊልም በቤት ውስጥ ለማየት ግን ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ችግር የለም።

ሁለቱም ፎልደሮቻችሁን ይዞራሉ፣ የፋይሉን ስም ያነባሉ፣ ከዚያም በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት የፊልም መረጃ ቋት ፖስተሩን፣ የተዋንያኑን ስምና የታሪኩን ጭብጥ ያመጣሉ። ፊልሙን የሚያውቁት በስሙና በዓመቱ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ በፎልደሩም ሆነ በፋይሉ ላይ ርእሱ፣ ቀጥሎም በቅንፍ የወጣበት ዓመት ይጻፍ። በሁለት ሲዲ የወጣ ከሆነ በፋይሎቹ ስም መጨረሻ cd1 እና cd2 ተብለው ተለይተው እዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ፤ ሶፍትዌሩ አገጣጥሞ ያጫውታቸዋል።

ለውጭ ፊልሞች ይህ ይበቃል። ለእኛዎቹ ግን አይበቃም፤ ዋናው ጉዳዬም ከዚህ ይጀምራል።

በመጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2000 መሆኑ ነው። አንድ ሰው በራሱ አቆጣጠር 2000 ብሎ ቢመዘግበው ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ፊልም ይሆናል፤ ወይ ምንም አያገኝም፣ ወይ የማይመለከተውን ፊልም ፖስተር ይለጥፍበታል። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ የፈረንጁን ዓመት ጻፉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለወጣ ፊልም ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ለወጣው ስምንት ትደምራላችሁ። የኢትዮጵያው ዓመት ደግሞ በማብራሪያው ውስጥ ይግባ፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ፊልሙን የሚያስታውሱት በዚያ ነውና።

ቀጥሎ ፊደሉ ነው። የራሳችንን ከተማ ስም ተመልከቱ፤ በሐመሩ «ሐ» የሚጽፍ አለ፣ በሃሌታው «ሀ» የሚጽፍ አለ፣ «አዋሳ» የሚለውም አልጠፋም። ለእኛ የአንድ ከተማ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አንዱን ብትጠይቁት ሁለቱን አያሳያችሁም። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «አ» እና «ዐ» እንደዚሁ ናቸው። እኔ ርእሱን ሽፋኑ ላይ እንደታተመ አንድ ፊደል ሳልለውጥ እጽፋለሁ፤ የሠሪው አጻጻፍ ሊከበር ይገባዋልና። በየፊልሙ መዝገብ ላይ የምንጨምራቸውን መፈለጊያ ቃላት (ታግ) ግን በቤታችን አንድ ሥርዓት ወስነን በዚያ ብቻ እንጽፋቸዋለን። የሲዳምኛና የኦሮምኛ ፊልም ያላችሁ ደግሞ ርእሱን በላቲን ፊደል እንደተጻፈ ትታችሁ፣ «ኦሪጂናል ታይትል» (የመጀመሪያ ርእስ) በሚለው ሳጥን ውስጥ የአማርኛውን አነባበብ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ደስ የሚለው ነገር፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የሀሁን ቅደም ተከተል ይዞ በመግባቱ፣ ርእሶቻችን በፊደል ሲደረደሩ አያቶቻችን በቆጠሩበት በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ይሰለፋሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ባዶው ሳጥን ነው። ለብዙ የአማርኛ ፊልሞች በመረጃ ቋቱ ውስጥ ወይ ምንም የለም፣ ወይ ርእሱና የአንድ ተዋናይ ስም ብቻ አለ፤ ያ አንድ ተዋናይም በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ዓይነት ተጽፎ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ሊረዳን አይችልም፤ መጻፍ ያለብን እኛ ነን። ይህን እንደ ሸክም እንዳትቆጥሩት እለምናችኋለሁ። የውጭ አገሩ ፊልም መረጃ በአንድ ቤት ቢጠፋ በሌላው ሺህ ቦታ አለ፤ በአገራችን ቪሲዲ ላይ የሠሩት የመብራት ባለሙያ፣ የድምፅ ቀራጭና የአልባሳት ኃላፊ ስም ግን ምናልባት ያለው በዚያ ሽፋን ጀርባና በፊልሙ መጨረሻ በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው።

እኔና ልጄ ቅዳሜ ማታ የምንሠራውን ልንገራችሁ። ፊልሙ ሲያልቅ አናጠፋውም፤ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ ልጄ በየመስመሩ ታቆመዋለች፣ እያነበበች ትነግረኛለች፣ እኔ እተይባለሁ። ጽሑፉ በደበዘዘበት ቦታ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። አንድ ምሽት እንዲህ ስታነብ የአንድ ጎረቤታችንን ስም አገኘች፤ በወጣትነታቸው በአንድ ፊልም ላይ ሾፌር ሆነው መሥራታቸውን ከዚያ በፊት ማናችንም አናውቅም ነበር። በማግስቱ ጠርተን አሳየናቸው፤ ሳይናገሩ ቆይተው «እስቲ መልሱልኝ» አሉ፤ ሦስት ጊዜ መለስንላቸው። በመዝገባችን ውስጥ ዛሬ ስማቸው ከነአባታቸው አለ።

በቦታ መመዝገብንም አትርሱ። ታሪኩ በከፊል እንኳ በፍቅር ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል ወይም በታቦር ተራራ ግርጌ የተቀረፀ ፊልም ሲያጋጥማችሁ የቦታውን ስም በመፈለጊያ ቃልነት አስገቡ። ያኔ በአንድ ጠቅታ ሐይቁ ዳር በየዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር፣ የትኛው ዛፍ እንደነበረና ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን የት ያቆሙ እንደነበር በተርታ ታያላችሁ።

የጻፋችሁት እንዳይጠፋ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ፣ በሶፍትዌሩ ማስተካከያ ውስጥ መረጃው ከፊልሙ ጎን በፋይል እንዲቀመጥ እዘዙ፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ብቻ ከቀረ ኮምፒውተሩ የሞተ ዕለት ልፋታችሁ አብሮ ይሞታል፤ ከፊልሙ ጎን ከሆነ ግን ዲስኩ ወደሄደበት ይሄዳል። በጄሊፊን ደግሞ መዝገቡን ቆልፉት፤ ሳይቆለፍ ከቀረ በሚቀጥለው እድሳት ከውጭ የመጣ የተሳሳተ መረጃ የእናንተን ሊተካው ይችላል። ሁለተኛ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑራችሁ፤ እሱም ሌላ ቤት ይቀመጥ። በእኛ አገር መብራት በመገልበጥ ላይ እያለ ስለሚሄድ፣ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ የቅጂውን መጨረሻ ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን አታጥፉ።

ስለ ማጫወቱ ብዙ አልልም። ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ዓይነት ፋይል ሲመጣ ጄሊፊን እየቀየረ ያቀርባል፣ ነገር ግን አሮጌ ላፕቶፕ ይህን ሲሠራ ይግላል፣ ፊልሙም ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ቴሌቪዥናችሁ በቀጥታ የሚያነበውን ዓይነት ምረጡ። ፍላሻችሁ ፋት 32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የግርጌ ጽሑፍ ስታዘጋጁ ስሙ ከፊልሙ ጋር አንድ ይሁን፣ ፋይሉን ስታስቀምጡም የፊደል ኮዱን ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) አድርጉት፤ አለዚያ አማርኛው ተበላሽቶ ይነበባል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። የምናገረው ገዝተን የራሳችን ስላደረግናቸው ፊልሞች ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት ይጠብቃል፤ ስማቸውን በክብር የመዘገብንላቸውን ሰዎች ሥራ እያባዛን ብንሸጥ መዝገባችን ትርጉም አይኖረውም።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ጄሊፊን ተጭኖበታል። ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ በተራ ቅረቡ፤ የሲዲ ሽፋን ብቻ ያላችሁም አትመለሱ፣ ፎቶ አንሥተን ስሞቹን አብረን እንጽፋለን። በርእሱ ፊደል የምንጠራጠር ከሆነ ሽፋኑን ወደ መስኮቱ አቅርበን እናነበዋለን። ስለ ታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ።