ማጅራት ገትር ሲደጋገም አፍንጫውን እንይ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ሬዚደንቶች፤

ዛሬ እዚህ ባሕር ዳር የቆምኩት፣ ከውልደት ጀምሮ ስለሚኖር የራስ ቅል ወለል ክፍተትና በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን መመልከቻ፣ ስለሚደረገው ጥገና እንድናገር ጋብዛችሁኝ ነው። ከብዙዎቻችሁ ጋር ተረኛ ሆነን አብረን ስላደርን የሚያንገበግበኝን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ከእሱ እጀምራለሁ።

ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረን። በማጅራት ገትር ሦስት ጊዜ ተኝቶ የታከመ ሲሆን፣ በየጊዜው ትኩሳቱ ሲበርድና መድኃኒቱ ሲያልቅ ድኗል ተብሎ ተሸኝቷል። እናቱ ግን ከመጀመሪያው አንስቶ አንድ ነገር ትናገር ነበር፤ ልጁ ለማጥናት ሲያጎነብስ ከቀኝ አፍንጫው ብቻ እንደ ውኃ የጠራ ጠብታ እየወረደ ደብተሩን ያረጥበዋል። ጉንፋን ነው አሏት፤ ቆይተውም አለርጂ ነው አሏት። በኋላም በአንድ ጤና ተቋም አፍንጫው ውስጥ እብጠት ታይቶ ፖሊፕ (ከአፍንጫ ሽፋን የሚያድግ ሥጋ) ነው ተባለና፣ ምንም ምስል ሳይነሳ ተቆርጦ እንዲወጣ ቀጠሮ ተያዘለት። ከቀጠሮው በፊት ወደ እኛ መምጣቱ ነው ያተረፈው። አጎንብስ ስንለው ጠብታው ወረደ። ሲቲ ስካኑ በአፍንጫና በአንጎል መካከል ባለው፣ ወንፊት በሚመስለው አጥንት ላይ ቀዳዳ አሳየን፤ ኤምአርአዩ ደግሞ በዚያ ቀዳዳ የወረደውን የአንጎል ሽፋንና የአንጎል ክፍል አሳየን። ሊቆረጥ የነበረው ፖሊፕ አንጎል ነበር፤ ጠብታውም የአንጎል ፈሳሽ!

አገራችን በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስላለች በሽታውን ማከም ለምደናል፤ ልምዱ ግን መጠየቅን አስትቶናል። አንድ ሕፃን ደግሞ ደጋግሞ በማጅራት ገትር ሲመለስ ከየት ገባበት ብሎ የማይጠይቅ ሐኪም ሥራውን በግማሽ ትቶታል። በሕፃን አፍንጫ ውስጥ ያለን እብጠት ምስል ሳያይ ለምርመራ ቁራጭ (ባዮፕሲ) የሚወስድም፣ ፈሳሹን ከአንጎል እንዲፈስ፣ ጀርሙንም ወደ አንጎል እንዲገባ በር እየከፈተ ነው። ይህን በትህትና አለዝቤ ልናገረው አልችልም።

ጥገናውማ መንገዱ ከታወቀ ቆይቷል። ቀድሞ ግንባር ተከፍቶና የፊተኛው አንጎል ተገፍቶ ይደረግ ነበር፤ ልጁም የማሽተት ችሎታውን ሊያጣ ይችል ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ቪጋንድ እ.ኤ.አ. በ1981 የአንጎል ፈሳሽ የሚያፈስን ቀዳዳ በኢንዶስኮፕ መድፈናቸውን ካሳወቁ ወዲህ አፍንጫው ራሱ መግቢያ ሆኗል። የወረደው የአንጎል ክፍል ብዙውን ጊዜ ሥራውን ያጣ በመሆኑ እስከ ቀዳዳው አፍ ድረስ ይነሳል፤ የአጥንቱ ጠርዝ ከስስ ሽፋኑ ይጠራል፤ ከዚያ ከጭን በተወሰደ ጠንካራ ሽፋን ይደፈናል፤ በላዩም ከአፍንጫው የመሃል ግድግዳ ከነደም ሥሩ የተነሳ ሽፋን ይደረብበታል። ይህ የመጨረሻው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 በአርጀንቲናዎቹ ሐኪሞች በሐዳድና በባሳጋስቴጊ እንዲሁም በባልደረቦቻቸው ታትሞ የወጣ ነው። በትናንሽ ልጆች ግን ግድግዳው ገና ስላላደገ ሽፋኑ ሊያጥር ይችላልና፣ አስቀድሞ በሲቲ ስካን ይለካ።

ስለ መሣሪያና ስለ በጀት ሌሎች ይናገራሉ። እኔ የምጠይቀው ያለ በጀት የሚሠራ ነገር ነው፤ በማጅራት ገትር ዳግመኛ የተኛ ልጅ ሁሉ ከሕፃናት ክፍል ከመውጣቱ በፊት አጎንብሶ ይታይ፣ ከአንድ አፍንጫ ብቻ ጠብታ ይወርድ እንደሆነ እናቱ ትጠየቅ፣ መልሷም በካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ለአንገት በላይ ሐኪምም ይላክ። ከነገ የጠዋት ጉብኝት ጀምራችሁ አድርጉት።

አመሰግናለሁ።