እቴቴ ሰው ትቆጥር ነበር (በአርባዋ ቀን የተደረገ ንግግር)

አባቶች ካህናት፣ ሼኻችን፣ የዕድራችን ዳኛና አባላት፣ ከአዲስ አበባም ከሐረርም ከጅቡቲም ድረስ የመጣችሁ ዘመዶች፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልን፣ እንኳን መጣችሁ። በዚህ ሙቀት ድንኳን ውስጥ ብዙ አላስቀምጣችሁም፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ። የልጅ ልጆቿን ወክለህ አንተ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት።

በነዚህ አርባ ቀናት ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ "ደግ ነበረች፣ እጇ ሰፊ ነበር" ሲለን ከርሟል። እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን እኔ ዛሬ ደግነቷን ብቻ አውርቼ መቀመጥ አልፈልግም፣ ምክንያቱም እቴቴ ቡና እያፈላች ስትመርቅ የኖረች ባልቴት ብቻ አይደለችም፣ እቴቴ ነጋዴ ናት፣ ሂሳብ አዋቂ ናት፣ ፊደል ሳትቆጥር ስድስት ልጅ በባቡር መስኮት ስር ያሳደገች ሴት ናት። ትንንሾቹ ይሄን አታውቁትም፣ እናንተ የደረሳችሁባት ከዘራዋን ይዛ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ነው።

እድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። ስትጠየቅ "ጣልያን ሲገባ ፍየል እጠብቅ ነበር" ነበር የምትለው፣ ጣልያን የገባው ደግሞ በ1928 ነው፣ እንግዲህ ከዛ ተነስታችሁ አስሉት፣ ዘጠናን ካለፈች ቆይታለች። የተወለደችው ቁልቢ አካባቢ ነው። በልጅነቷ ተድራ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ የወረደችው አያታችን ምድር ባቡር ጋራዥ ስለሚሰራ ነው። ድሬም እኮ ያለ ባቡር አትኖርም ነበር፣ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፣ መጀመሪያማ አዲስ ሐረር ነበር የሚሏት። እቴቴ ስትመጣ ሙቀቱን አልቻለችውም ነበር አሉ፣ "እዚህ አገር ሰው ይኖራል?" ብላ አለቀሰች፣ ከዛ ግን ሌላ አገር ውሰዱኝ ብላ አታውቅም።

አያታችን ቶሎ ሞተ። ያኔ የመጨረሻዋ አክስቴ ገና ጡት አልጣለችም። በጡረታ ብቻ ስድስት ልጅ አይበላም፣ ስለዚህ ከአርባው በኋላ ባለው ሳምንት ትሪ ተውሳ ባቡር ጣቢያ ወጣች። ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላል። ባቡሩ ሲቆም ሻጩ ሁሉ ይሯሯጣል፣ እሷ ግን አትሮጥም ነበር አለች እናቴ፣ ሶስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የት ጋ እንደሚቆም ስለምታውቅ ቀድማ እዛ ትቆማለች። በኋላ በኋላ እሷም እየተሳፈረች ጅቡቲ መመላለስ ጀመረች፣ ከዚህ አትክልት ይዛ ትሄዳለች፣ ከዛ ሩዝ፣ ቴምር፣ ሽርጥና ጨርቅ ታመጣለች። ሁለቴ ዕቃዋን ተወርሳ ባዶ እጇን ተመልሳለች፣ ሁለቴም በዕቁብ ብር እንደገና ጀምራለች።

አሁን ስለ መቀነቷ ልንገራችሁ። መቀነቷ ላይ አራት ቋጠሮ ነበር፣ እኔ ልጅ ሆኜ በአይኔ ያየሁት ነው። አንዱ የዕቁብ፣ አንዱ የልጆች ትምህርት ቤት፣ አንዱ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነው። አራተኛው የሰው ገንዘብ ነው። የምን የሰው ገንዘብ ካላችሁ፣ መንገደኛ በመስኮት ብር ይሰጣታል፣ መልስ ሳትሰጠው ባቡሩ ይንቀሳቀሳል፣ በቃ ያ መልስ አራተኛው ቋጠሮ ውስጥ ይገባል፣ አይነካም። እናቴ እንደነገረችኝ አንዴ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ዘይቱን ገዝቶ አምስት ብር ሰጣት፣ ባቡሩ ይዞት ሄደ። ከዛ በኋላ ባቡር በመጣ ቁጥር ትሪዋን ለእናቴ ትሰጥና ፉርጎ ለፉርጎ እየዞረች ፊት ታያለች። ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቶ አንድ ጠዋት አገኘችው፣ ቋጠሮውን ፈታ አራት ብር ከስሙኒ በእጁ አስቀመጠችለት፣ ሰውየው ረስቶታል፣ እሷን ራሷን አላወቃትም። እናቴ ያኔ ጫማ አልነበራትም። ይሄን ስትነግረኝ አሁንም ትንሽ ትናደዳለች፣ ከዛ ታለቅሳለች።

በ1969 ጦርነቱ ሲመጣ ሀዲዱ ተቆረጠ፣ ስራም አብሮ ተቆረጠ። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ከተማው ጫፍ ደርሶ መድፍ ሲወድቅ እቴቴ የራሷንም የጎረቤትንም ልጆች እየቆጠረች አልጋ ስር ታስገባ ነበር፣ አንድ ከጎደለ ወጥታ ትፈልጋለች። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ እዛ አልጋ ስር የነበራችሁ አላችሁ፣ አሁን ሽበታችሁን እያየሁ ነው።

ደቻቱን ግን ሳላነሳ ባልፍ ራሷ ትታዘበኛለች። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ጎርፉ መጣ። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ዝናቡ ግን ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ድንገት ይወርዳል። የዛን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የኛ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ተረፍን። ሲነጋ የሰፈሩ ወጣቶች አካፋ ይዘው ወረዱ፣ ግን የቱ ቤት የት እንደነበረ እንኳን አይለይም፣ ሁሉም ጭቃ ነው። እቴቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደችና ቆማ ትነግራቸው ጀመር። "እዚህ ጋ አምስት ናቸው፣ ትልቁ ልጅ ግን ትላንት ሐረር ሄዷል፣ አራት ፈልጉ። እዚህኛው ጋ ሁለት እንግዳ ከገጠር መጥቶባቸው ነበር፣ ስድስት በሉ። ይቺ ብቻዋን ነው የምታድረው።" እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ማን የት እንዳደረ፣ የማን ልጅ እንዳመመው፣ ማን ሌሊት ፈረቃ እንደገባ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፣ የሚፈለገው ሰው ቁጥር ከሷ አፍ ነው የተገኘው። ማታ ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው የወደቀችው።

ከዛ ጎርፍ የተረፉ ሁለት ወንድምና እህት እኛ ቤት አደጉ። እዚህ ናቸው፣ ከፊት ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል፣ ቦታቸውም እሱ ነው።

ግድግዳ የምንጋራቸው እናታችንም እዚህ ፊት ለፊቴ አሉ። እሳቸውና እቴቴ ከድሮ ጀምሮ ሲጣሉም ሲታረቁም ያየናቸው ናቸው፣ ሁለቱም ኦሮምኛ ሲያወሩ እኛ እንዳንሰማ ነው ግን ሁላችንም እንሰማ ነበር። እቴቴ ለፋሲካ የሳቸውን ዶሮ በህይወቱ ነበር የምትልከው፣ እዛው በራሳቸው ሰው እጅ በቢስሚላህ እንዲታረድ፣ ቤታችንም ለሳቸው ብቻ የምንጠቀምበት ድስትና ሰሃን ነበረ፣ ማንም ቢነካው ወዮለት። በረመዳን ደግሞ ሾርባና ሳምቡሳው ከዛ ወደዚህ ይመጣል። እቴቴ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ በየቀኑ ጠዋት መጥተው እግሯን ያሹላት እሳቸው ነበሩ። እናቴ፣ አላህ ጤናና እድሜ ይስጥልን።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ጉልበቷ እምቢ አላት፣ ጭንቅላቷ ግን ሰላም ነበር። ማንበብ ስለማትችል ስልኳ ላይ የሁላችንንም ፎቶ አስገባንላት፣ ፎቶ እየነካች ትደውላለች። እሁድ እሁድ በኢሞ ቤሩትም ጅዳም ቶሮንቶም ያለው ይቆጠራል፣ ያልደወለ ካለ ሰኞ ጠዋት እናቱ ትጠየቃለች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስራ ሲጀምር ደግሞ ካላየሁ ብላ ከከተማ ውጪ ያለው ጣቢያ ድረስ በባጃጅ ወሰድናት። ጽዳቱ ደስ አላት፣ ዙሪያውን አየች አየችና "መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፣ ታዲያ ሰው በምን ይገዛል?" አለች። መልስ አልነበረንም። እዛ ደጅ ላይ ትሪ የያዘች አንዲት ልጅ ስታይ ያላትን ሙዝ ሁሉ ገዛቻት፣ ከዛ ደግሞ መልሱን ቆጥራ ነው የተቀበለችው።

ሁለት ነገር ልንገራችሁና ልቀመጥ። አንደኛ፣ እቴቴ ውጪ ያለው የልጅ ልጇ ወረቀት ካገኘ ለቁልቢ ጃንጥላ ተስላ ነበር፣ አግኝቷል፣ ስለዚህ ለታኅሣሥ 19 ቤተሰቡ ስለቷን ይዞ ይሄዳል። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለትልቋ አክስቴ አስመዝግቡ፣ መኪና እንድንይዝ ቁጥሩን ማወቅ አለብን። ሁለተኛ፣ እህቴ በሩ ጋ ስልክ ይዛ ተቀምጣለች፣ እቴቴ ባቡር ላይ በነበረችበት ዘመን የምታውቋት ካላችሁ፣ በተለይ አብራችሁ የነገዳችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ሳትሄዱ አውሩላት፣ እየቀዳች ነው፣ እኛ የማናውቀው ብዙ ነገር እናንተ ጋ አለ።

የዕድራችን ሴቶች ከሌሊት ጀምሮ ቆማችሁ ነው የሰራችሁት፣ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል። አሁን አባታችን ጸሎት ያደርጉልናል፣ ሼኻችንም ዱዓ ያደርጉልናል፣ ከዛ ምሳ ነው። በግራ በኩል ያለው የሙስሊም ወገኖቻችን ነው፣ ለብቻው ታርዶ ለብቻው የተሰራ። ነፍስ ይማር።