ተማሪው ለምን ይመራመር?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ገና በትምህርት ላይ ያለ የጤና ባለሙያ ምርምር ምን ይሠራለታል? ንባቡ፣ ፈተናው፣ የሌሊት ተረኝነቱ አንሶት ነው? እንዲህ የሚሉ ተማሪዎች አሉ። አልፈርድባቸውም። ብዙዎቹ ምርምርን የሚያውቁት ለመመረቅ እንደሚከፈል ዕዳ ነው።

በ1869 እ.ኤ.አ. ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ የሕክምና ተማሪ በርሊን ውስጥ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ለየት ያሉ፣ ሰብሰብ ያሉ ሕዋሳት አየ። ሥራቸው ምን እንደሆነ አላወቀም። አለማወቁንም ሳይደብቅ ጻፈው። በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግ ቶሮንቶ ላይ የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ኢንሱሊንን ፍለጋ ሲነሳ ረዳቱ ቻርለስ ቤስት ነበር፤ እሱም ገና ትምህርቱን አልጨረሰም። ኢንሱሊን የሚመነጨው ላንገርሃንስ ካያቸው ሕዋሳት መሆኑን ዛሬ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ተማሪ ሁሉ ኢንሱሊን ያገኛል አልልም። እንዲያውም እኔን የሚያጓጓኝ ከዚህ በጣም ያነሰው ነገር ነው።

አንዲት ተማሪ የደም ግፊት ታካሚዎችን ክትትል ልታጠና ካርድ ትከፍታለች እንበል። የመጀመሪያው ላይ የግፊቱ ቦታ ባዶ ነው። ሁለተኛው ላይ 120 በ80 ይላል። ሦስተኛውም 120 በ80። አራተኛውም ያው። እዚህ ላይ ቆም ትላለች። ይሄ ሁሉ ሰው ግፊቱ እኩል ነው? ወይስ ሳይለካ ነው የተሞላው? ይህን ያየች ልጅ ነገ ተረኛ ስትሆን ያልለካችውን ቁጥር ለመጻፍ እጇ እሺ አይላትም። የትኛው ሌክቸር ነው ይህን የሚያስተምራት?

ሌላው ጥቅም “ሲሠራበት የኖረ ነው” ለሚለው መልስ ቶሎ አለመርካት ነው። አንድ ሰሞን ሃርት አታክ ለያዛቸው ሰዎች የልብ ምት መዛባትን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ይታዘዙ ነበር። ነገሩ ያሳምናል፤ የምት መዛባት ይገድላል፣ መድኃኒቱ ደግሞ መዛባቱን ይቀንሳል። በ1989 ውጤቱ የወጣው ጥናት ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች ሁለቱን፣ ኢንካይናይድንና ፍሌካይናይድን፣ የወሰዱት ይበልጥ መሞታቸውን አሳየ። አንድ ጊዜ እንኳ በራሱ እጅ ዳታ ያገላበጠ ተማሪ እንዲህ ያለውን ጥናት ሲያነብ ከማጠቃለያው ላይ አያቆምም። ማን ከጥናቱ ወጣ፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ ብሎ ይፈትሻል።

አማካሪዎችን በተመለከተ፣ ሳልናገረው ባልፍ ደስ አይለኝም። ተማሪውን መጠይቅ ሲያስሞሉት ከርመው ጥያቄው ከየት እንደመጣ የማይነግሩት አሉ። ጽሑፉ ሲወጣ ስሙን የሚረሱትም አሉ። ይህ ማስተማር አይደለም፤ ጉልበት መበዝበዝ ነው። ተማሪዎችም ብትሆኑ አሥር ነገር በአንዴ አታጥኑ። ጠበብ ያለች፣ የምትጨርሷትን ጥያቄ ያዙ።

ከሻይ በኋላ ተማሪዎች ጥናታቸውን በፖስተር ያቀርባሉ። አንጋፋዎቻችን ፎቶ ተነስታችሁ እንዳትሄዱብን። ቁሙና ጠይቋቸው፣ ተከራከሯቸው።

ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።