ላሚቱ ለባለቤቷ ትመለስ! ተዋናይና ፓርቲው

(ቡና እየተፈላ የተቀረጸ። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።)

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከጅማ ነን። የምትሰሙት ጫጫታ የማይክ ችግር አይደለም። ዝናብ ነው።

ሰሚር፦ ጅማ ውስጥ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ፖድካስት አይሰራም።

ሂሩት፦ የዛሬው ርዕሳችን ፖለቲካ የገቡ ተዋናዮች ናቸው። የትኛው ፓርቲ ገቡ? ለምን ገቡ? ለምን ወጡ? እማዬ ቡና እያፈላች ነው። አቦሉ ሳይቀርብ የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገንን እንጨርሳለን።

ሰሚር፦ ከሬገን በፊት አንድ ተዋናይ አለ።

ሂሩት፦ ማን?

ሰሚር፦ እኔ።

ሂሩት፦ (ሳቅ) ጀመረ!

ሰሚር፦ ወላሂ ቀልድ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ለወላጆች ቀን ድራማ ተዘጋጀ። ሁለት ገበሬዎች በአንዲት ላም ይጣላሉ። እኔ ዳኛው ነኝ። ጢም ያስፈልጋል ተባለ። ጥጥ በማስቲሽ አገጬ ላይ ለጠፉልኝ።

ሂሩት፦ በማስቲሽ? ፊትህ ላይ?

ሰሚር፦ ሲላቀቅ ያለቀስኩትን ለቅሶ መድረክ ላይ ባለቅሰው ኖሮ ዛሬ ቦሊውድ ነበርኩ። ብቻ መጨረሻ ላይ ተነስቼ፣ ከዘራዬን መሬት መትቼ፣ “ላሚቱ ለባለቤቷ ትመለስ!” እላለሁ። ያለኝ ትልቅ ንግግር እሱ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ስሜ ተቀየረ። ሱቅ ስላክ “ዳኛው መጣ”። መስጊድ ስሄድ “ዳኛው”። እናቴ ራሷ “ዳኛው፣ ውሃ ቅዳ”።

ሂሩት፦ እሺ፣ ርዕሱ ጋ ምን አገናኘው?

ሰሚር፦ ቆይ እንጂ። በሳምንቱ የክፍል አለቃ ምርጫ ነበር። ተፎካካሪዬ ከክፍል አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ጎበዝ፣ ሥርዓት ያላት፣ ስም ጠሪ የምትባል ዓይነት። እኔ ደግሞ ስንተኛ እንደምወጣ አትጠይቂኝ።

ሂሩት፦ አልጠይቅም።

ሰሚር፦ አሸነፍኳት! በሰፊ ልዩነት። ማንም “ምን ትሰራልናለህ?” ብሎ አልጠየቀኝም። ዳኛው ነኛ! ፍትህ አውቃለሁ! በመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጆች በዳስተር ተጣሉ። አንዱ “የኔ ተራ ነው”፣ ሌላው “የኔ ነው”። መጡና ፊቴ ቆሙ። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ያየኛል። እኔ ደግሞ የተጻፈልኝ ነገር የለም።

ሂሩት፦ እንዳትለኝ...

ሰሚር፦ ተነሳሁ። ጠረጴዛውን መታሁ። “ላሚቱ ለባለቤቷ ትመለስ!”

ሂሩት፦ (ረጅም ሳቅ) ወይኔ! ዳስተሩስ?

ሰሚር፦ ዳስተሩ በመስኮት ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት መምህራችን አወረደኝና ልጅቷን ሾመ። እስከዛሬ “መፈንቅለ መንግሥት ነው” እላለሁ።

ሂሩት፦ እኔ ደግሞ የሕዝብ ጥያቄ መመለስ እለዋለሁ። አቦሉ መጣ። ሬገን ጋ እንኳን አልደረስንም። እማዬ፣ እግዜር ይስጥልን።

(የስኒ ድምፅ)

ሰሚር፦ እኔ የምለው አሁን ይገባሻል። ልጅ ሆነሽ ቪዲዮ ቤት ገብተሻል?

ሂሩት፦ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት? እናቴ እግሬን ነበር የምትሰብረው። ከወንድሞቼ ነው የሰማሁት።

ሰሚር፦ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር መጋረጃ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሃምሳ ሳንቲም። የህንድ ፊልም ከሆነ ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚያ ነሽ። እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። “አክተሩ አይሞትም።” አየሽ? እኛ ጋ አክተር ማለት የሚተውን ሰው ማለት አልነበረም። ክፉው ሰውዬም እኮ ይተውናል! እሱን ግን አክተር ብሎ የሚጠራው የለም። አክተር ማለት የማይሞተው፣ ለእናቱ የሚበቀለው፣ ድሃ የማያስነካው ሰውዬ ነው። ሥራውንና ገጸ ባሕሪውን በአንድ ቃል ጠቅልለን ነው ያደግነው።

ሂሩት፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። አንተ ከማለትህ በቀር።

ሰሚር፦ ደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ ሂጂ። ራማቻንድራን የሚባል ተዋናይ ነበር። ኤምጂአር ነው የሚሉት። ፊልም ላይ ሲጠጣና ሲያጨስ እንዳይታይ ይጠነቀቅ ነበር። ሁሌ ድሃ የሚያድን ሰው ነው። በ1967 በፈረንጆቹ፣ ምርጫ ሲቃረብ፣ አብሮት የሚተውን ሌላ ተዋናይ አንገቱን በሽጉጥ መታው። የመታው ሰው ደግሞ ፊልም ላይ በክፉ ገጸ ባሕሪ የሚታወቅ ነው!

ሂሩት፦ እውነትህን ነው?

ሰሚር፦ እውነት ነው። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ የተነሳው ፎቶ ፖስተር ሆነ። ሆስፒታል ተኝቶ አሸነፈ። ድምፁ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ግን አክተሩ አልሞተም! በ1972 ከነበረበት ፓርቲ ተጣልቶ የራሱን አቋቋመ። በ1977 የክልሉ ዋና ሚኒስትር ሆነ። በ1987 እስኪሞት ድረስ በክልሉ ምክር ቤት ምርጫ ያሸነፈው የለም። ከሱ በኋላ ፓርቲውን የመራችው ማን ናት? ጃያላሊታ። ፊልም ላይ ፍቅረኛው ሆና የምትተውን ተዋናይት። እሷም ደጋግማ ዋና ሚኒስትር ሆነች።

ሂሩት፦ ስለዚህ ያንን ፓርቲ ኮከቡ ነው የሰራው። አሜሪካ ግን ይለያል። እዚያ ፓርቲው አስቀድሞ አለ፣ ኮከቡ መጥቶ ይገባበታል።

ሰሚር፦ ቆይ፣ ሌላውን የደቡብ ህንድ ተዋናይ ራማ ራኦን ሳልጨርስ። እሱ ደግሞ ፊልም ላይ አምላክ ሆኖ ነው የሚተውነው። ራማን፣ ክሪሽናን። በመጋቢት 1982 በፈረንጆቹ ቴሉጉ ዴሳም የሚባል ፓርቲ አቋቋመ። መኪናውን መድረክ አድርጎ መንደር ለመንደር ዞረ። በጥር 1983 አሸነፈ። አስቢው፣ ዓመት እንኳን አልሞላም። አምላክ ሆነሽ ስትወዳደሪ ማን ይቋቋምሻል? እኔ ዳኛ ብቻ ሆኜ አይደል እንዴ ያሸነፍኩት!

ሂሩት፦ ሰሚር፣ ላሚቱ ለባለቤቷ ትመለስ። ርዕሱ ጋ እንመለስ። ሬገን!

ሰሚር፦ እሺ ሬገን። ተዋናይ ነበር፣ ፕሬዚዳንት ሆነ። አለቀ።

ሂሩት፦ አላለቀም። እዚህ ጋ ነው ከአንተ የማልስማማው። አንተ “ሰው ገጸ ባሕሪውን ነው የሚመርጠው” ትላለህ። ሬገን ግን ከካሜራ ተነስቶ በቀጥታ አልገባም። በ1947 የሆሊውድ ተዋናዮች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ለዓመታት መርቶታል። በ1960 ደግሞ በስቱዲዮዎቹ ላይ የሥራ ማቆም አድማ መርቷል። ድርድር ያውቃል። ከ1954 እስከ 1962 ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቴሌቪዥን ፕሮግራም እያቀረበ፣ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ ለሠራተኛው ንግግር ያደርግ ነበር። ሰውዬው ተምሮ ነው የመጣው። አንተ ግን በጥጥ ጢም ነው የመጣኸው።

ሰሚር፦ ጢሜን አትንኪ።

ሂሩት፦ ፓርቲውስ? ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ሬገን መጀመሪያ ዴሞክራት ነበር። የሩዝቬልት ደጋፊ። በ1962 ነው ሪፐብሊካን የሆነው። በ1967 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ፣ በ1981 ፕሬዚዳንት። እና ያ አድማ የመራ ሰው ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት አድማ የመቱ ከ11 ሺህ በላይ የበረራ ተቆጣጣሪዎችን አባረረ።

ሰሚር፦ አየሽ! ገጸ ባሕሪ ቀየረ።

ሂሩት፦ ወይም ሐሳቡን ቀየረ። ሰው ሐሳብ አይቀይርም?

ሰሚር፦ ይቀይራል። እኔም ቀይሬያለሁ። ስመረጥ የኋላ ወንበር ልጆች እጩ ነበርኩ። ከዚያ መምህሩ “አለቃ ፊት ይቀመጣል” ብሎ ፊት አስቀመጠኝ። በሁለተኛው ቀን “ኋላ ያላችሁ ዝም በሉ!” እያልኩ ነበር። ከዳተኛ ተባልኩ። ሐሳቤ አልነበረም የተቀየረው፤ ወንበሬ ነው።

ሂሩት፦ (ሳቅ) እሺ፣ ይሄን እሰጥሃለሁ።

ሰሚር፦ ሻትሩጋን ሲናን ታውቂዋለሽ? የህንድ ፊልም ላይ ያ ድምፀ ወፍራሙ። ቢጄፒ በሚባለው ፓርቲ ሆኖ ሚኒስትር ነበር። በ2019 ኮንግረስ ወደሚባለው ተቀናቃኝ ፓርቲ ገባ። በ2022 ሌላ ፓርቲ ወክሎ ፓርላማ ገባ። ሦስት ወንበር!

ሂሩት፦ አሚታብ ባቻንስ?

ሰሚር፦ አሚታብ የኮንግረሱ መሪ የራጂቭ ጋንዲ ጓደኛ ስለነበር በ1984 በኮንግረስ ተወዳደረ። በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በ1987 ግን “በቃኝ” ብሎ ወጣ። ሚስቱ ጃያ ደግሞ ቆይታ በሳማጅዋዲ ፓርቲ ገብታ ለብዙ ዓመት የፓርላማ አባል ሆነች።

ሂሩት፦ በተለያየ ፓርቲ? እራት ላይ ምን ይሉ ይሆን?

ሰሚር፦ ሽዋዚንገርስ? እሱ ሪፐብሊካን፣ ሚስቱ የነበረችው ማሪያ ሽራይቨር ደግሞ የእነ ኬኔዲ ዘመድ። ዴሞክራት ከሥር መሠረቱ። እሱም በ2003 የተመረጠው በመደበኛ ምርጫ አይደለም። ሕዝቡ የነበረውን የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ አውርዶ ነው የተካው። ዕጩዎቹ 135 ነበሩ!

ሂሩት፦ 135? የአዌቱ ወንዝ ዳር ባጃጅ ቢቆጠር ይህን ያህል አይሆንም።

(ቶና ቀረበ።)

ሂሩት፦ የዩክሬኑን ዘለንስኪን ሳናነሳ እንዳንዘጋ። ኮሜዲያን ነው። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሳያስበው ፕሬዚዳንት የሚሆን መምህር ሆኖ ተወነ። ድራማው “የሕዝብ አገልጋይ” ይባላል። ከዚያ በዚያው ስም ፓርቲ ተመዘገበ። በ2019 በሁለተኛው ዙር 73 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ።

ሰሚር፦ እኔ ምን አልኩሽ? የድራማው ርዕስ ፓርቲ ሆነ! እኔም “ላሚቱ ለባለቤቷ” የሚል ፓርቲ...

ሂሩት፦ ምልክቱ ላም፣ መፈክሩ ጥጥ። ግን ስማኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ማንም ጽሑፍ አልጻፈለትም። ወደድከውም ጠላኸውም፣ ኪየቭን ጥሎ አልሄደም። አንተ በዳስተር ጊዜ ነው የወደቅከው።

ሰሚር፦ ዳስተር ከባድ ነው!

ሂሩት፦ ኢስትራዳስ? ፊሊፒንስ። ፊልም ላይ የድሃ ጠበቃ። በ1998 ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ2001 በሕዝብ ተቃውሞ ወረደ። በኋላ በሙስና ተፈረደበት። ይቅርታ ተደረገለት። ከዚያስ? በ2013 የማኒላ ከንቲባ አድርገው መረጡት።

ሰሚር፦ አክተሩ አይሞትማ።

ሂሩት፦ ሁሉንም በዚያች ቃል አትዝጋት። የኛን አገር እናንሳ። ጋሽ ደበበ እሸቱ። እንዴት ያለ የመድረክ ሰው ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ምርጫ ቅንጅት ውስጥ ገቡ። ከምርጫው በኋላ ከፓርቲው አመራሮች ጋር ታሰሩ። እሳቸው በገጸ ባሕሪ ምን አተረፉ? ዝናቸውን ይዘው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር።

ሰሚር፦ (ትንሽ ዝም ካለ በኋላ) እሱ ልክ ነው። እዚያ ጋ ቀልድ የለኝም።

ሂሩት፦ ለዚህ ነው “ተዋናይ ፖለቲካ ሲገባ ትያትር ነው” ሲባል የምናደደው። ገዥው ፓርቲ ጋ መግባትና ተቃዋሚ ጋ መግባት አንድ አይደለም። አንዱ ጋ መኪና ይጠብቅሃል።

ሰሚር፦ ግን ሕዝቡ ያጨበጨበላቸው ከመድረክ ስለሚያውቃቸውም ነው። ይህንን አትክጂ።

ሂሩት፦ አልክድም። በሩን ዝናው ይከፍተዋል። ከገባህ በኋላ ነው ጥያቄው።

ሰሚር፦ እኔ አሁንም ገጸ ባሕሪው ነው እላለሁ።

ሂሩት፦ እኔ አሁንም ማኅበሩ፣ ድርድሩ ነው እላለሁ። ይቆየን። በረካውም መጣ። ስለ አገራችን ተዋናዮች ሰፋ አድርገን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ዛሬ ላሟ በላችው።

ሰሚር፦ ዳርማንድራን ሳላነሳ? የቪዲዮ ቤታችን ንጉሥ! በ2004 በቢጄፒ ፓርላማ ገባ። ስብሰባ ላይ አይገኝም ተብሎ ሲወቀስ ኖረ። ሚስቱ ሄማ ማሊኒም ቢጄፒ ናት። ልጁ ሰኒ ዴኦልም በ2019 በዚያው ፓርቲ ገባ።

የሂሩት እናት፦ (ከሩቅ) ስለ ማን ነው እንዲህ የምትጮኹት?

ሂሩት፦ ስለ ዳርማንድራ፣ እማዬ።

የሂሩት እናት፦ ዳርማንድራ? ሄማን አገባት አይደል እንዴ!

ሰሚር፦ አዎ እትዬ። እኛ የያዝነው ስለ ፓርቲው ነው።

የሂሩት እናት፦ የምን ፓርቲ? የሰርጋቸው?

(ሳቅ። ቀረጻው ይቋረጣል።)