ዝናቡ ከየት መጣ?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ወንበሯ አሁንም ትንጫጫለች፤ አትጻፉልኝ፣ አውቃለሁ።

ዛሬ የቀዩን እስክሪብቶ ጉዳይ ክፍል ሁለት ነበር ቃል የገባሁላችሁ። ይቆየን። ሌላ ነገር ከንክኖኛል።

ሁለተኛ ክፍሎቼ የራሳቸውን ታሪክ እየጻፉ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ አጻጻፍ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ነቃሁ፣ ከዚያ ታጠብኩ፣ ከዚያ ተጫወትኩ፣ ከዚያ ተኛሁ። ስለዚህ ቀኑን ተዉት፣ ከውስጡ አንዷን ቅጽበት ብቻ ያዙ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ይሥሏታል፣ ከዚያ አጠገባቸው ላለው ልጅ በአፍ ይነግሯታል፣ ከዚያ... ይኸው እኔም «ከዚያ» ጀመረኝ። ለማንኛውም እርሳስ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ልጅ በአፉ ያልተናገረውን ነገር ወረቀት ላይ ፍለጋ ከሄደ፣ አንዷን ፊደል ሲያስታውስ ዐረፍተ ነገሩ ይጠፋበታል። ሀ ትሁን ሐ፣ በዚያ ሰዓት ግድ የለኝም። አዎ፣ እኔ ነኝ ይህን የምለው፣ አትሳቁ።

እና አንዱ ልጅ ጻፈ። «አባቴ ሳይክሉን ለቀቀው። ሄድኩ። ወደቅኩ። ደስ አለኝ።» አለቀ። ወደቅኩ፣ ደስ አለኝ! ስለዚህች መሸጋገሪያ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል መሥራት እችላለሁ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩና «አባትህ ሲለቅህ ምን ሰማህ?» አልኩት። ጣሪያውን አየ። የእርሳሱን ጫፍ ነከሰ። «ምንም» አለ። «እስቲ ዓይንህን ጨፍንና አስብ» ብዬው ወደ ሌላው ሄድኩ። ስመለስ ምን ጨምሯል መሰላችሁ? «ዝናቡ ብቻ ይሰማኛል። የአባቴ የጫማ ድምፅ ጠፋ።»

በሰባት ዓመቱ! አባትየው መልቀቁን ሳይነግረን የጫማው ድምፅ ነገረን። ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ልጆቹ ዝም አሉ፣ እኔማ ሊያለቅሰኝ ምንም አልቀረኝ። በኋላ ደብተር ስሰበስብ «ዝናብ እየዘነበ ነው እንዴ ሳይክል የተማርከው?» አልኩት፣ እንዲሁ ለጨዋታ። «አይ ቲቸር፣ ዝናብ አልነበረም። ምን ሰማህ ስላልሽኝ እኮ ነው።»

በጣም ረጋ ብሎ ነው ያለኝ። የቤት ሥራ ሠርቶ እንዳስረከበ ሰው።

«የጫማውስ ድምፅ?» አልኩት። ቆየ። «እሱ... እውነት መሰለኝ» አለኝ።

መሰለኝ! ይቺ ናት ያልወረደችልኝ። ዝናቡ ግድ የለም፣ እንደፈጠረው ያውቃል። ጫማውን ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። በፈረንጆቹ 1994 የወጣ ነው፣ ስቲቨን ሴሲ የሚባል ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረ የሥነ ልቦና ሰው ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው። ገና መደበኛ ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናትን «ጣትህን የአይጥ ወጥመድ ይዞህ ሆስፒታል ሄደህ ታውቃለህ?» እያሉ፣ እስቲ በደንብ አስብ እያሉ፣ በየሳምንቱ ጠየቋቸው። ያልሆነ ነገር ነው። ግን ስንቶቹ ልጆች እያደር ማን ወሰደኝ፣ እንዴት ሄድኩ፣ ሁሉንም በዝርዝር መተረክ ጀመሩ። እርግጥ እነዚያ ከኔዎቹ ያንሳሉ፣ የተጠየቁትም ስለ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ ወጥመድ አላልኩም። ምን ሰማህ ነው ያልኩት። የሁላችንም ጥያቄ ነው፤ ምን አየህ፣ ምን ሸተተህ፣ ምን ተሰማህ። ያለሱ «ሄድኩ፣ ወደቅኩ» ላይ እንቀራለን እኮ።

አንድ ባልደረባዬ «እና ምን ችግር አለው፣ ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። እኔም ግማሽ ቀን እንደዚያ ብዬ ነበር። ደግሞ «ሰምተህ ካልሆነ ምንም አልሰማሁም ብለህ ጻፍ» ልላቸው አስባለሁ፤ በነገታው ሃያ ልጅ «ምንም አልሰማሁም» ብሎ ይዞልኝ ይመጣል፣ አውቃቸዋለሁ። «ደስ አለኝ»ን ስከለክል «በጣም ደስ አለኝ» ያመጡልኝ ጉዶች ናቸው።

ዝናቡን አውጣው አላልኩትም። አስገባውም አላልኩትም። ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ አርብ ደግሞ ወላጆች መጥተው ያነባሉ። አባትየው ይመጣል ማለት ነው። ዝናብ እንዳልነበረ ያውቃል፣ ስለ ጫማውም ካለ እሱ የሚያውቅ የለም፤ ከኋላው ይሮጥ ነበር ወይስ ቆሞ ያየው ነበር... ልጠይቀው እንዴ? ልጁ አጠገቡ ቆሞ? ኧረ እኔ እንጃ። ደግሞ ሰኞ ደብዳቤ መጻፍ እንጀምራለን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ያን ጊዜ...