አዲስ ሞተር ገብቶ «ጠክ» ብቻ ሲል፦ የዳትሰን 240 ዜድ ገመድ ሥራ፣ ማሳ እና ፊውዝ

[ምስል፦ ኮፈኑ የተከፈተ 240 ዜድ። ቁልፍ ይዞራል። «ጠክ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።]

ሰማችሁ? «ጠክ»። በቃ። ባትሪው አዲስ ነው፣ ቻርጁም ሙሉ ነው። ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ አዲስ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቁልፉ ሲዞር ግን «ጠክ» ይልና ዝም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ሞተሪኖው ነው። ይፈታዋል፣ ይቀይረዋል፣ አሁንም «ጠክ»። ተዉት፣ አትፍቱት። ሞተሪኖው ምንም አልሆነም። የጎደለው አንድ ገመድ ነው። የትኛው እንደሆነ ዛሬ ረጋ ብለን እናያለን።

እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ሱፖርት፣ ስለ ካምቢዮ እና ስለ ትራስሚሲዮን ያወራንበትን ክፍል ያላያችሁ ሊንኩ ከታች አለ፣ እሱን ቀድማችሁ እዩት። ሞተሩ ቦታው ሳይቀመጥ፣ የጭስ ማውጫው ሳይገጠም፣ የመሪው ዘንግ ሳይገባ ገመድ አትዘርጉ። በጣም አምሮ የተዘረጋ ገመድ ጭስ ማውጫው ሲገባ ቧንቧው ላይ ተኝቶ ይገኛል። ከቧንቧው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።

እሺ፣ ወደ መኪናው። 240 ዜድ በ1969 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲወጣ የያዘው ሞተር ኤል24 ነው፦ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2.4 ሊትር፣ ሁለት ካርቡሬተር። ውብ ሞተር ነው፣ ይሄን ሳልል አላልፍም። ግን ይሄ ሞተር እየሠራ ለመቆየት ምን ያህል ገመድ ይፈልጋል? ለቦቢናው፣ ለሻማው እሳት ለሚሰጠው፣ አንድ ገመድ። አንድ! አሁን የገባው ደግሞ ኤልኤስ1 ነው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ከኮርቬት ጋር የመጣው 5.7 ሊትር፣ አሉሚኒየም ብሎክ ያለው ቪ8። ስምንት ቦቢና አለው። ስምንት ኢንጀክተር አለው። ኮምፒውተር፣ የክራንክ ሴንሰር፣ የካም ሴንሰር፣ የኦክስጅን ሴንሰር፣ የኖክ ሴንሰር አለው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ እና ፋን ይጨመራል። ከአንድ ገመድ ወደዚህ ሁሉ! ለዚህ ነው የሞተር ቅየራ ከብየዳው ይልቅ በገመዱ ነው የሚፈተነው የምለው።

አሁን መኪናውን ለአፍታ እርሱት። አንድ ቤት አስቡ።

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ውሃ ሲያስብ ስለሚገባው ውሃ ነው የሚያስበው። ግፊቱ ይበቃል ወይ? ቧንቧው ወፍራም ነው ወይ? ስለ ፍሳሹ የሚጨነቅ ግን የለም። ፍሳሽ ዝም ብሎ የሚሄድ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን የገባው ውሃ ሁሉ መውጣት አለበት። አሥር ሊትር ከገባ አሥር ሊትር ይወጣል። ባትሪም እንደዚሁ ነው። በፖዘቲቩ የወጣው ሁሉ፣ ምንም ሳይቀር፣ በነጌቲቩ መመለስ አለበት። 200 አምፔር ከወጣ 200 አምፔር ይመለሳል። የሚመለስበት መንገድ ማሳ ነው። ስለዚህ ማሳ ማለት ፍሳሽ ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፦ ማሳ ፍሳሽ ነው።

ፍሳሹ ጠባብ ሲሆን ምን ይሆናል? ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ለውጥ የለም። የወጥ ቤቱ ገንዳ ይሞላል፣ ውሃው አይሄድም። ሰው ግን ምን ያደርጋል? የሚገባውን ቧንቧ ያወፍራል! ባትሪው ይቀየራል፣ የፖዘቲቩ ገመድ ይወፍራል፣ ገንዳው ግን እንደሞላ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ፣ ይሄን ምሳሌ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ዋናው የፍሳሽ ቧንቧ ሲደፈን ወጥ ቤት ውስጥ የፈሰሰው ውሃ በመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ውሃ የከፈታችሁት ወጥ ቤት፣ ጎርፉ መታጠቢያ ቤት! መታጠቢያ ቤቱ ምን አጠፋ? ምንም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ያገኘውን ቀዳዳ ተጠቀመ እንጂ።

[ምስል፦ ካሜራው የሞተሩ ሱፖርት ላይ ይጠጋል።]

አሁን ወደ መኪናው ተመለሱ። ይሄ ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው? ላስቲክ ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ላስቲክ ላይ ነው፣ ላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሪኖው የራሱ የማሳ ገመድ የለውም፣ ማሳ የሚያገኘው በብሎኩ በኩል ነው። እንግዲህ ባትሪው ቦዲው ላይ ብቻ ማሳ ከሆነ፣ ብሎኩን ከቦዲው የሚያገናኝ ወፍራም ገመድ ከሌለ፣ ያ ሁሉ አምፔር በየት ይመለስ? መታጠቢያ ቤቱን ይፈልጋል። በነዳጅ መስጫው ኬብል በኩል፣ በቀጫጭኖቹ የሴንሰር ማሳዎች በኩል ይሄዳል። የነዳጅ መስጫው ኬብል ሲነካ ከጋለ፣ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከያዘ፣ ኬብሉን አትውቀሱ። የሞተሪኖውን ኤሌክትሪክ እየመለሰ ነው። «ጠክ» የሚለው ድምፅም ከዚህ ነው። የሞተሪኖው ሶሌኖይድ፣ በማግኔት የሚሳበው ማብሪያ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃውና ይሳባል፣ ሞተሪኖውን የሚያዞረው ትልቁ ኤሌክትሪክ ግን መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ማሳ። አንደኛው ከባትሪው ነጌቲቭ በቀጥታ ወደ ብሎኩ፣ ሁለተኛው ከብሎኩ ወደ ቦዲው፣ ሦስተኛው ከባትሪው ወደ ቦዲው። የመጀመሪያው እንደ ፖዘቲቩ ይወፍራል፣ ሁለቱ 25 ሚሊሜትር ካሬ ይበቃቸዋል። ቡሎኑ በሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ማብራት አለበት። ካጠበቃችሁ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ከላይ ግሪስ ቀቡት።

ውፍረቱን በቁጥር እዩት። ባትሪው ወደ ኋላ ሻንጣ ሄዷል እንበል፣ ገመዱ 5 ሜትር ነው፣ ሞተሪኖው 200 አምፔር ይስባል። በ16 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። በ50 ከሆነ 0.35 ቮልት ገደማ ነው። ይሄ የፖዘቲቩ ብቻ ነው፣ ማሳውም ቀጭን ከሆነ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ሲነሳ ባትሪው ራሱ ወደ 10 ቮልት ይወርዳል፣ ከዚያ ላይ 2 ቮልት ሲቀነስ ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ይችላል። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም፣ ምክንያቱም አይታወቅም።

አሁን ወደ ሪሌ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን ወደሚከፍተው ማብሪያ፣ ልሄድ ነበር፣ ግን አልተዋችሁኝም። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ፣ ከ15 ወደ 30 ልቀይረው?» ከዚያ ሌላው ይመልሳል፦ «ቀይረው፣ ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ነው፣ ዕቃህ ጠንካራ ነው።»

አይደለም! ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ደግሜ ልበለው፦ ገመዱን ነው። ፓምፑን አይደለም፣ ፋኑን አይደለም። የፊውዝ ልክ የሚመረጠው በገመዱ ውፍረት ነው። የፓምፑ ገመድ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ከሆነ 15 አምፔር ልኩ ነው። ለፋኑ 30 አምፔር ፊውዝ ከገባ ገመዱ 4፣ ይልቁንም 6 ይሁን። ቀጭን ገመድ ላይ ትልቅ ፊውዝ ካስገባችሁ ገመዱ ራሱ ፊውዝ ይሆናል፣ የሚቃጠለውም ምንጣፉ ሥር ነው።

ፊውዙ ገመዱን የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ቦታው የት ነው? ገመዱ የሚጀምርበት፣ ባትሪው አጠገብ፣ በአንድ ስንዝር ውስጥ። ዕቃው አጠገብ አይደለም! ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አስቡ። የብረቱ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። ላስቲክ ካልተደረገለት በንዝረቱ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ አንድ ቀን መዳቡ ብረቱን ይነካል። ፊውዙ ከዚያ ቀዳዳ ወዲያ ከሆነ ምን ይቆርጠዋል? ምንም። ባትሪው እስኪያልቅ ወይም መኪናው እስኪነድ ይቀጥላል።

ታዲያ ፊውዙ ለምን ይቃጠላል? መቼ እንደሚቃጠል ተመልከቱ። ገና ቁልፍ ስትከፍቱ ከሆነ አንዱ ገመድ ብረት ነክቷል። ጉድጓድ ወይም ኩርባ ላይ ብቻ ከሆነ የሆነ ቦታ እየተፋቀ ነው። አሥር ደቂቃ ሠርቶ ከሆነ ግን ገመዱን ተዉትና ፓምፑን እዩ፦ የነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኖ ፓምፑ እየታገለ ሊሆን ይችላል፣ ሲታገል ብዙ አምፔር ይስባል። ኤልኤስ1 የሚፈልገው የነዳጅ ግፊት 4 ባር ነው፣ ለካርቡሬተር የተሠራ ፓምፕ እዚያ አይደርስም። ትልቅ ፊውዝ ለሦስቱም መፍትሔ አይደለም።

በሉ፣ ወደ ሪሌ። በሪሌው እግሮች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 30 ከባትሪ በፊውዝ፣ 87 ወደ ዕቃው፣ 85 እና 86 ማዘዣው፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። የማይታወቀው ይሄ ነው፦ የዚህ ሞተር ኮምፒውተር ለነዳጅ ፓምፑ ሪሌ የሚሰጠው ፖዘቲቭ ነው፣ ለፋኑ ሪሌ የሚሰጠው ማሳ ነው። ስለዚህ የፓምፑ ሪሌ ሌላኛው እግር ማሳ ላይ፣ የፋኑ ደግሞ ከቁልፍ በሚመጣ ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ከተቀያየሩ ሁለቱም አይሠሩም።

የድሮውን የቦዲ ገመድ አትቁረጡ። መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ ጥሩንባው እንዳለ ይቆይ። የሞተሩ ገመድ ለብቻው ይሁን፣ ሁለቱ የሚገናኙት በስምንት ገመድ ገደማ ነው፦ ቋሚ ኤሌክትሪክ፣ የቁልፍ ኤሌክትሪክ፣ የሞተሪኖ ማዘዣ፣ የአርፒኤም፣ የሙቀት፣ የዘይት ግፊት፣ የቻርጅ መብራት፣ የኋላ ማርሽ መብራት። የቁልፍ ኤሌክትሪክ ስትፈልጉ በቴስተር መብራት አረጋግጡ፦ ቁልፉ ሞተር እያስነሳ ባለበት ቅጽበትም የቴስተሩ መብራት መጥፋት የለበትም። ሬዲዮውን የሚያበራው ገመድ ሞተር ሲነሳ ይቋረጣል፣ ኮምፒውተሩን እሱ ላይ ያሰረ ሰው ቁልፉን ሲለቅ ብቻ «እፍ» የሚል ሞተር ያገኛል።

ኮምፒውተር የምትገዙ ደግሞ የክራንክ ሴንሰሩ የሚቆጥረውን የጥርስ ብዛት እወቁ። የመጀመሪያዎቹ ኤልኤሶች 24 ናቸው፣ ኋላ የመጡት 58። የ24ቱ ኮምፒውተር የ58ቱን ሞተር አያነብም። የጸረ ስርቆት ፕሮግራሙንም አስጠፉ፣ አለበለዚያ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል።

የመገጣጠሚያ ነገር። እኔ ንዝረት ባለበት ቦታ በሊድ መበየድን አልደግፍም። ሊዱ በገመዱ ውስጥ ወደ ላይ ይሳብና ገመዱን ያደርቀዋል፣ ከደረቀው እና ከሚተጣጠፈው ድንበር ላይ ይበጠሳል። ጥሩ መጭመቂያ ፕላየር፣ ልኩ የሆነ ተርሚናል፣ ከላይ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ። ከተጨመቀ በኋላ በእጅ ይሳብ፣ ከወጣ ድሮም አልያዘም።

[ምስል፦ ዳሽቦርዱ መሃል ያለው አምፔር ጌጅ።]

ይሄን ጌጅ እዩት። ከግራ 45፣ ከቀኝ 45። የባትሪው ቻርጅ በሙሉ በዚህ ጌጅ ጀርባ ነው የሚያልፈው፣ በዳሽቦርዱ ውስጥ! አዲሱ አልተርኔተር፣ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው፣ ከ100 አምፔር በላይ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከጌጁ ጀርባ ያሉት ሁለት ወፋፍራም ገመዶች ተፈትተው እርስ በርስ ይታሰራሉ፣ ጌጁ በቮልት ጌጅ ይተካል፣ የአልተርኔተሩ ገመድ ደግሞ በሞተር ክፍሉ ውስጥ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይሄዳል፣ 25 ሚሊሜትር ካሬ፣ የራሱ ትልቅ ፊውዝ ያለው።

የአርፒኤም ጌጁም የራሱ ጉዳይ አለው። በ240 ዜድ ላይ የቦቢናው ኤሌክትሪክ በጌጁ ውስጥ ዞሮ ነው የሚሄደው፣ ጌጁ የሚቆጥረውም እሱን ነው። ያ ቦቢና ሲወጣ ጌጁ ይሞታል። ውስጡ ለአዲስ ምልክት ይቀየራል። ተቀይሮም ቢሆን ኮምፒውተሩ በአንድ ዙር ሁለት ምት ይልካል፣ የስድስት ሲሊንደር ጌጅ ሦስት ይጠብቃል። ሞተሩ 3000 ሲዞር ጌጁ 2000 ይላል። በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ወይም በጌጁ ውስጥ ይስተካከላል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ፣ የገመዱ ሙሉ ስዕል ከታች ተቀምጧል። አሁን ባትሪ እናስር።

በቀጥታ አትሰሩ! በባትሪው ነጌቲቭ እና በማሳው ገመድ መካከል የፍሬን መብራት አምፖል፣ 21 ዋት፣ አስገቡ። ቁልፉ ተዘግቶ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ የሆነ ገመድ ብረት ነክቷል። አምፖሉ ኤሌክትሪኩን ይገድበዋልና ገመዱ አይቃጠልም፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ አምፖሉ የጠፋበትን ፈልጉ። ካልበራ አምፖሉን አውጥታችሁ እሰሩ።

ቀጥሎ የማሳው ፈተና። የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብሎኩ ላይ፣ ገመዱ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር። እስከ 0.2 ቮልት ጥሩ ነው። ከ0.5 በላይ ከሆነ ፍሳሹ ጠባብ ነው።

[ምስል፦ ቁልፍ ይዞራል። ቪ8ቱ ይነሳል።]

ተነሳ። አሁን አጥፉት። ቁልፉን ዘግታችሁ ሞተሩ ካልጠፋ አትደንግጡ፣ አልተርኔተሩ በቻርጅ መብራቱ ገመድ በኩል ወደ ቁልፉ መስመር ኤሌክትሪክ እየመለሰ ኮምፒውተሩን አብርቶት ነው። በዚያ ገመድ ላይ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ይገባል፣ ጭረቱ ያለበት ጫፍ ወደ አልተርኔተሩ። የቻርጅ መብራቱን አምፖል ግን ከዚያ ገመድ አታውጡ። አንዳንዱ አልተርኔተር በዚያ እግሩ 12 ቮልት በቀጥታ ከገባለት የውስጥ ሬጉሌተሩ ይቃጠላል። ዳዮዱን አስገቡ፣ አስነሱ፣ ቁልፉን ዝጉ። ጠፋ።